የጤና ገጽ፦ የሳል ከረሜላ በቤታችን እንሥራ፤ ቀኑንም እንቁጠር



ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ አንብበናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ሳል እናነባለን። ትምህርቱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል የእጅ ሥራ ነው። ከማርና ከዝንጅብል የሳል ከረሜላ እንሠራለን። ሁለተኛው ክፍል የእርሳስ ሥራ ነው። ቀን እንቆጥራለን፤ እንጽፋለን። ከረሜላውን የሚያነብ ሁሉ ቀን መቁጠሩንም እንዲያነብ አደራ እንላለን።

የአገራችን ሰው «ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት» ይላል። ሳል የያዘው ሌባ በጨለማ ቢሄድም ይያዛል። ሳሉ ያጋልጠዋል። እውነት ነው፤ ሳል አይደበቅም። በጤናም በኩል እንዲሁ ነው። ሳል አንድ ነገር ሊነግረን ይመጣል። የሚነግረን ነገር ቀላል ሊሆን ይችላል። ከባድም ሊሆን ይችላል። ለይተን ማወቅ አለብን።

ሳል ምንድን ነው?

ሳል ራሱ በሽታ አይደለም። ሳል የሳንባችን ዘበኛ ነው። ለሳንባችን የማይስማማ ነገር ሲመጣ ይገፋዋል፤ ያስወጣዋል። በመውቂያ ጊዜ አውድማ ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቃል። እብቁ ሲነሣ ሁሉም ያስላል። እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ ሲጨስም እናቶች ያስላሉ። ዘበኛው ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

ጉንፋን ሲይዘን ደግሞ ጉሮሯችን ይቆጣል፤ ያብጣል፤ ይደርቃል። የደረቀ ጉሮሮ ያሳክካል። ሲያሳክክ እናስላለን። ስናስል ጉሮሯችን ይበልጥ ይቆጣል። ሲቆጣ እንደገና እናስላለን። በተለይ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣናል። የቤቱን ሰው ሁሉ እንቀሰቅሳለን።

ጉንፋን የሚመጣው ቫይረስ ከሚባል በጣም ረቂቅ ነገር ነው። ቫይረስ በዓይን አይታይም። ጉንፋኑ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። መርፌም ኪኒንም አያፋጥነውም። ታዲያ እስኪለቅ ድረስ ምን እናድርግ? ጉሮሯችንን እናለስልስ። ከረሜላው የሚያገለግለው ለዚህ ነው።

ከረሜላው ምን ይሠራል?

ከረሜላ አፋችን ውስጥ ሲሟሟ ምራቅ ይበዛል። ምራቁን ስንውጥ የደረቀው ጉሮሮ ይርሳል። ማሩ ጉሮሮውን ለስለስ አድርጎ ይሸፍነዋል። ዝንጅብሉ ያሞቃል። ማሳከኩ ለጊዜው ይቀንሳል። ማሳከኩ ሲቀንስ ሳሉም ይቀንሳል።

ማር ለሳል መዋሉ አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ማርን ጉሮሮ ከሚያለሰልሱ የቤት ነገሮች መካከል ቆጥሮታል።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ከረሜላው ጉሮሮን ያለሰልሳል እንጂ በሽታን አይገድልም። የሚደርሰው እስከ ጉሮሮ ነው። ሳንባ ውስጥ አይገባም። ይህችን አትርሱብን። ወደ ታች እንመለስባታለን።

የሚያስፈልጉን ነገሮች

መለኪያችን የቡና ሲኒ ነው። በየቤቱ ይገኛል።

ስኳር፣ 3 ሲኒ
የተጣራ ማር፣ 1 ሲኒ
ዝንጅብል፣ አውራ ጣት የሚያህል
ጦስኝ፣ አንድ ጭብጥ
ሎሚ፣ ግማሽ
ውሃ፣ 3 ሲኒ
ትንሽ ዘይት

ጦስኝ የደጋ ቅጠል ነው። በደጋ ያላችሁ ከሜዳ ትለቅሙታላችሁ። በቆላ ያላችሁ ከገበያ ደረቁን ትገዛላችሁ። ካልተገኘም ግድ የለም። ዝንጅብሉ ብቻውን ይበቃል።

ያገኘነውን ቅጠል ሁሉ ግን አንጨምር። የባሕር ዛፍ ዘይት መጨመር አደገኛ ነው። ሰው ሲውጠው ይመርዛል፤ ይልቁንም ሕፃናትን። ጤና አዳምም ለነፍሰ ጡር ሴት ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም እንተዋቸው።

ዕቃዎቻችን እነዚህ ናቸው፦ አንድ የብረት ድስት፣ አንድ የእንጨት ማማሰያ፣ አንድ ሰፊ ትሪ፣ አንድ ማንኪያ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ፣ ክዳን ያለው ደረቅ ጠርሙስ። ድስቱ ጠለቅ ያለ ይሁን። ማር ሲፈላ አረፋው ይነሣል።

አሠራሩ

1. እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ዕቃዎቹንም እንጠብ።

2. ልጆችን ከምድጃው እናርቅ። ይህን በቀልድ አንየው። ውሃ ሲፈላ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ነው። ስኳርና ማር ሲነጥር ግን እስከ 150 ዲግሪ ይደርሳል። ደግሞም ይጣበቃል። ቆዳ ላይ ካረፈ በቶሎ አይለቅም።

3. ዝንጅብሉን እንጠብ፤ እንላጥ፤ በሙቀጫ እንውቀጥ።

4. ዝንጅብሉንና ጦስኙን በ3 ሲኒ ውሃ እንቀቅል። ውሃው 1 ሲኒ ያህል ሲቀር እናውጣው። በንጹሕ ጨርቅ እናጥልለው።

5. የተጠለለውን ውሃ ወደ ድስቱ እንመልስ። ስኳሩን፣ ማሩንና የሎሚውን ጭማቂ እንጨምር። ማሩና ሎሚው ስኳሩ ተመልሶ እንደ አሸዋ እንዳይሆን ይረዳሉ።

6. በለስላሳ እሳት እናፍላ። ስኳሩ እስኪሟሟ እናማስል። ነበልባል አያስፈልግም፤ ፍም ይበቃል። ማር ቶሎ ያርራል። ያረረ ከረሜላ ይመራል።

7. ሲወፍር በውሃ እንፈትነው። በማንኪያ ጫፍ አንድ ጠብታ ወስደን ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ እንጣል። ከዚያ ጠብታውን በጣታችን እንንካ። ሦስት ነገር ልናይ እንችላለን።

ጠብታው ውሃው ውስጥ ከሟሟ፣ ገና ነው።
ጠብታው እንደ ሰም ከተለመጠ፣ አሁንም ገና ነው።
ጠብታው ደርቆ «ቀጭ» ብሎ ከተሰበረ፣ ደርሷል።

ደቂቃ ቆጥረን አናውጣው። እሳት ከእሳት ይለያል። ዳኛው ውሃው ነው።

8. እንደ ደረሰ ወዲያው እናውጣው። አረፋው እስኪበርድ ጥቂት እንታገሥ። ትሪውን በዘይት እንቀባ። ከዚያም በማንኪያ ጫፍ ትሪው ላይ ጠብ ጠብ እናድርግ። እያንዳንዱ ጠብታ የባቄላ ፍሬ ይምሰል። ከ50 በላይ ከረሜላ ይወጣዋል።

9. ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ በተፈጨ ስኳር ወይም በበሶ ዱቄት እናሸው። በደረቁ ጠርሙስ እናስቀምጥ፤ ክዳኑን እንግጠም። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ክፍት ካደረ ይለጥፋል።

10. ጠርሙሱ ላይ ወረቀት እንለጥፍ። «የሳል ከረሜላ» ብለን እንጻፍ። የተሠራበትንም ቀን እንጻፍ። አሁን መጻፍ እንችላለን አይደል? ታዲያ በጽሑፋችን እንጠቀምበት።

ድንገት ሰው ቢቃጠል የተቃጠለውን ቦታ ቶሎ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እናፍስበት። ለ20 ደቂቃ እናፍስ። ቅቤ፣ ጭቃ፣ ቡና አንቀባም። ቁስሉን ያመረቅዙታል። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ስኳር ከሌለስ? «ስኳር ተወደደ፤ ምን እናድርግ?» የምትሉ አላችሁ። ግድ የለም። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ለብ ባለ ውሃ በጥብጡ። ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ከመኝታ በፊት ጠጡ። ይህም ጉሮሮ ያለሰልሳል። ከረሜላው የሚበልጠው በኪስ ስለሚያዝ ነው። እርሻ ላይም ገበያም ይወሰዳል።

እንዴት ይወሰዳል?

አንድ በአንድ ይመጠጣል። አይቆረጠምም። በቀን 5 ወይም 6 ይበቃል። ከዚያ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ጥሩ ነው፤ አለዚያ ጥርስ ይበላል። ከረሜላ አፍ ውስጥ ይዞ መተኛት አይገባም። ጉሮሮ ላይ ይወተፋል።

ለማን አይሰጥም?

አንደኛ፣ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልክ አይሰጥም። በከረሜላም፣ በውሃም፣ በጣት ጫፍም አይሰጥም። ማር ውስጥ በዓይን የማይታይ የተሕዋስያን ዘር ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ያሸንፈዋል። የሕፃን አንጀት ግን አያሸንፈውም። ዘሩ ሆዱ ውስጥ ያድግና መርዝ ያወጣል። ሕፃኑ ይዝላል፤ መጥባት ያቅተዋል፤ መተንፈስም ሊያቅተው ይችላል። በሽታው ቦቱሊዝም ይባላል። ማሩን አፍልቶ መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ ዘሩ መፍላትን ይችላል። አራስ ልጅን ማር ወይም ቅቤ ማላስ በአንዳንድ አገር የቆየ ልማድ ነው። በፍቅር የሚደረግ ነው። ነገር ግን ይጎዳልና እንተወው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ ጠንካራ ከረሜላ አንስጥ። ሲሮጥ ወይም ሲስቅ ያንቀዋል። 1 ዓመት ያለፈው ልጅ ሲያስል ከረሜላው ቀርቶ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ከመኝታ በፊት ይላስ።

ሦስተኛ፣ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይህን ከረሜላ አይውሰድ።

ቀን እንቁጠር

አሁን እርሳሳችንን እናንሣ።

በአንድ የማታ ትምህርት ላይ ስለ ሳል ስንነጋገር አንድ አባት እጃቸውን አነሡ።

«ልጆቼ፣ እኔንም ያስለኛል» አሉ። «ማር ስልስ ይተወኛል። ሌሊት ግን ይመለሳል።»

«ከጀመረዎ ስንት ቀን ሆነ፣ አባባ?» አልናቸው።

«እንጃ። ጤፉ ሲታጨድ ሳይሆን አይቀርም።»

ጤፉ የታጨደው በኅዳር ነበር። የተነጋገርነው በጥር መጨረሻ ነው። በጣታችን ቆጠርን። 2 ወር አልፏል።

«ሌሊት ያልብዎታል?» አልናቸው።

«ያጠምቀኛል እንጂ!»

«ከስተዋልስ?»

ቀበቷቸውን አሳዩን። ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስተውበታል።

ባለቤታቸው ከሴቶቹ መካከል ሆነው ተናገሩ። «እኔማ ሂድ ብዬው ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው። ጎረቤት አብሮን ቡና መጠጣት ይተዋል ብሎ ፈራ» አሉ።

ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸው ተነሡና «ነገ አብረን እንሄዳለን፤ በቅሎዬን እጭናለሁ» አሉ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዱ። አክታቸው ተመረመረ። የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባቸው። ቲቢ የሚባለው ማለት ነው። መድኃኒት ጀመሩ። የቤቱም ሰው ሁሉ ተመረመረ። አንዲት ልጃቸውም በሽታው ተገኘባት። እርሷም መድኃኒቷን እየወሰደች ነው።

ማሩ ምንም አላጠፋም። ማር የሚችለውን አደረገ፤ ጉሮሯቸውን አለሰለሰ። በሽታው ግን ያለው ሳንባቸው ውስጥ ነበር። እዚያ ማር አይደርስም። ቀኑ ሳይቆጠር ቀረ፤ በሽታውም ጊዜ አገኘ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው ወደ ልጅቱ የተላለፈው።

ስለዚህ አንድ ሕግ እንያዝ። ከሁላችንም ቤት ግድግዳ ላይ ይጻፍ፦

2 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በጤና ጣቢያ ይመርመር።

2 ሳምንት 14 ቀን ነው። ሳሉ የጀመረበትን ቀን ደብተራችን ላይ እንጻፍ። ከዚያ 14 እንደምር። ለምሳሌ ሳሉ በጥቅምት 5 ቢጀምር፣ 5 ሲደመር 14፣ 19 ይሆናል። ጥቅምት 19 ላይ ሳሉ ካልለቀቀ እንሄዳለን።

ወሩ ቢያልቅስ? ሳሉ በጥቅምት 25 ጀመረ እንበል። 25 ሲደመር 14፣ 39 ይሆናል። ወሩ 30 ቀን ነው። 39 ሲቀነስ 30፣ 9 ይሆናል። ስለዚህ ቀናችን ኅዳር 9 ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን 14 ቀን መጠበቅ የለብንም። አክታው ደም ካለው፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ ሰውየው እየከሳ ሌሊት ሌሊት የሚያልበው ከሆነ፣ ወዲያው እንሂድ። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለበት ሰውም ሳል እንደ ጀመረው ይመርመር።

ስለ ሳንባ ነቀርሳ ምን እንወቅ?

የሳንባ ነቀርሳ በብርድ አይመጣም። በእርግማንም አይመጣም። በዘር ነው የሚባለውም ልክ አይደለም። የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚባል ረቂቅ ሕያው ነገር ነው። ሮበርት ኮኽ የተባለ የጀርመን ሐኪም በ1882 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል። በሽተኛው ሲያስል ባክቴሪያው ከአፉ ወጥቶ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። አብሮት ያለው ሰው ይተነፍሰዋል። ጠባብና ጨለማ ቤት፣ መስኮት የሌለው ቤት፣ ለበሽታው ይመቸዋል።

አብሮ በመብላት፣ በሲኒ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ስለዚህ በሽተኛውን ማግለል ጥቅም የለውም። ይልቁንም ጉዳት አለው። ሰው እንዳይገለል ሲፈራ ይደብቃል። ሲደብቅ በሽታው ለቤተሰቡ ይተርፋል። ጎረቤቱ «አይዞህ፤ አብረን እንሂድ» ቢለው ግን ቶሎ ይመረመራል። ያ ጎረቤት የራሱንም ቤት ጠበቀ ማለት ነው።

በሽታው ይድናል። በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል። መድኃኒቱ በትክክል ከተወሰደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ሰው መተላለፉ በጣም ይቀንሳል። ሰውየውም ይሻለዋል። ችግር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ዳንኩ» ብሎ መድኃኒቱን ያቋርጣል። የቀረው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምዳል። ሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ ለማዳን በጣም ያስቸግራል። እንግዲህ ሐኪሙ «በቃ» እስኪል ድረስ አንድም ቀን አናቋርጥ።

እነዚያ አባት አሁን ደብተራቸው ላይ ሰንጠረዥ አላቸው። ኪኒን በወሰዱ ቁጥር አንድ ጭረት ይጭራሉ። ለልጃቸውም ሌላ መስመር አላቸው። ጭረቱን የምትቆጥረው ልጅቱ ናት።

ሕፃን ሲያስል ትንፋሽ እንቁጠር

ለትልቅ ሰው ቀን እንቆጥራለን። ለሕፃን ግን ቀን አንጠብቅም። ሕፃን የሳንባ ምች ከያዘው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ትንፋሹን እንቁጠር።

ልጁ ሳያለቅስ፣ ጸጥ ሲል፣ ልብሱን ገለጥ እናድርግ። ደረቱን ወይም ሆዱን እንይ። አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። በሰዓት ወይም በስልክ አንድ ሙሉ ደቂቃ እንቁጠር።

2 ወር ላልሞላው፣ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፤
ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው፣ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፤
ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለው፣ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፤

ትንፋሹ ፈጥኗል ማለት ነው። ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ዛሬውኑ እንውሰደው። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከደነዘዘ፣ በሌሊትም ቢሆን እንሂድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ማማከርም እንችላለን። ለሳንባ ምች መድኃኒት አለው። ማር ግን መድኃኒቱ አይደለም።

እንጥል አናስቆርጥ

ልጅ ሲያስል «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥ በብዙ ቦታ ልማድ ነው። እንጥል ሳል አያመጣም። የተፈጥሮ አካል ነው። ሲቆረጥ ብዙ ደም ይፈሳል። ምላጩ ንጹሕ ካልሆነ መንጋጋ ቆልፍ፣ ኤች አይ ቪና ሌላም በሽታ ያስገባል። እንጥሉ ተቆርጦ ሳለ የሳንባ ምቹ ሥራውን ይቀጥላል። ለቆራጩ የሚከፈለው ገንዘብ ልጁን ጤና ጣቢያ ማድረሻ ይሁን።

ጭሱን እናውጣ

በመጨረሻ፣ ሳልን ከቤታችን ለማራቅ ጭሱን እናርቅ። ደረቅ እንጨት እናንድድ። በርና መስኮት እንክፈት። የሚቻል ከሆነ ማብሰያው ከመኝታው ይለይ። እናት እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑን በጀርባዋ አትዘል፤ አባት ወይም ታላቅ ልጅ ውጭ ይያዝላት። ስናስልም አፋችንን በክንዳችን ወይም በነጠላችን ጫፍ እንሸፍን።

ለመለማመጃ

እነዚህን ጥያቄዎች አንብቡ። መልሱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

1. ከረሜላው መድረሱን በምን እናውቃለን?
2. ማር የማይሰጠው ስንት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ነው?
3. አንድ ሰው በታኅሣሥ 20 ማሳል ጀመረ። ካልለቀቀው በስንት ቀን፣ በምን ወር ይመርመር?
4. የ8 ወር ሕፃን በአንድ ደቂቃ 54 ጊዜ ተነፈሰ። ምን እናድርግ?

አንድ የቤት ሥራም አለ። በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤት የሚያስል ሰው ካለ «ስንት ቀን ሆነህ? ስንት ቀን ሆነሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዛውንት ከሆኑ በአክብሮት «ስንት ቀን ሆነዎት?» በሉ። «እንጃ» ካሉ አብራችሁ ቁጠሩ። ማንበብ ላልቻለ ጎረቤት ይህን ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከረሜላ ከሠራችሁም ጥቂት ይዛችሁለት ሂዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዓይን ማዝ እናነባለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።